የዋሽንግተን ኮማንደርስ ድራፍትና ባለቤትነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ዋሽንግተን ኮማንደርስ የ2025 የውድድር ዘመንን ከጨረሰ ወዲህ በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉ ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራፍት ምንድን ነው? ጨዋታ ሳይኖር ልጆቻችን ሦስት ቀን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጡትስ ለምንድን ነው?

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ድራፍት ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የበርሜል ቢራ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ከወላጆች ዘንድ በየዓመቱ ይመጣል። በአሜሪካ ፉትቦል ድራፍት ማለት ኤንኤፍኤል የተባለው የአገሪቱ ዋና ሊግ 32 ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ የሚመርጡበት ዓመታዊ ሥርዓት ነው። ሰባት ዙር ሲኖረው በኤፕሪል መጨረሻ ሦስት ቀን ይፈጃል። ባለፈው የውድድር ዘመን አብዝቶ የተሸነፈው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ ዋንጫውን የወሰደው ደግሞ በዙሩ መጨረሻ ላይ ይመርጣል። ተራው ራሱ ዋጋ ስላለው ቡድኖች ተራቸውን በተጫዋች ወይም በሌላ ተራ ይለዋወጡታል፤ የዘንድሮን ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት ተራም አስቀድሞ መስጠት ይቻላል።

ሐሳቡን ያመነጨው የፊላደልፊያው ቡድን ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነው። ሀብታሞቹ ቡድኖች ምርጦቹን ልጆች እየወሰዱ ደካሞቹ እንደ ደከሙ መቅረታቸው አሳስቦት ነበር፤ የመጀመሪያው ድራፍትም በ1936 በዚያችው ከተማ ተካሄደ። በዚያ ዓመት ከሁሉም ቀድሞ የተመረጠው ጄ በርዋንገር በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀርቷል። ሆኖም አምና ያለቀለት የመሰለ ቡድን በአንድ ምሽት ምርጫ ዕጣው ሊለወጥ ይችላል፤ ዋሽንግተን በ2023 ከ17 ጨዋታ 4 ብቻ አሸንፎ በማግስቱ ዓመት 12 ያሸነፈው እንዲህ ባለ ምሽት ምክንያት ነው። ልጆቹ የሚጠብቁት ያንን ምሽት ነው።

እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች በገንዘብ ለምን አይገዙም?

በኤንኤፍኤል እኛ በምናውቀው መልኩ የዝውውር ገበያ የለም። ቡድኖች ተጫዋች የሚለዋወጡት በተጫዋች ወይም በድራፍት ተራ ነው፤ ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች ደግሞ ነጻ ሆኖ ወደ ፈለገው ይሄዳል። በዚህ ላይ የደሞዝ ጣሪያ አለ፤ በ2025 ለእያንዳንዱ ቡድን የተፈቀደው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለቤቱ የቱንም ያህል ባለጠጋ ቢሆን ክፍያውን በዓመታት እየከፋፈለ ማዘግየት ይችል እንደሆነ እንጂ ከጣሪያው ማምለጥ አይችልም።

ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች በርካሽ የሚገኝበት ዋናው በር ድራፍት ነው። በ2011 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ከተስማሙ ወዲህ የአዲስ ተመራጭ ደሞዝ በተመረጠበት ተራ ልክ የተወሰነ ሆኗል። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ (ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ጄደን ዳንኤልስ በ2024 2ኛ ሆኖ ሲመረጥ የፈረመው የአራት ዓመት ኮንትራት በድምሩ 37.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የዳላሱ ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት በዚያው ዓመት የፈረመው ግን በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ተከላካዮችን ያስቀጥራል።

ማን መመረጥ ይችላል? ተመራጩስ እምቢ ማለት ይችላል?

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ ሦስት ዓመት የሞላው ተጫዋች መመረጥ ይችላል። የተመረጠ ልጅ መደራደር የሚችለው ከመረጠው ቡድን ጋር ብቻ ስለሆነ እምቢ ማለት ብዙ ያስከፍላል፤ ቢሆንም ተደርጎ ያውቃል። በ1983 ጆን ኤልዌይ ለባልቲሞር፣ በ2004 ደግሞ ኢላይ ማኒንግ ለሳንዲያጎ አልጫወትም ብለው ወደ ሌላ ቡድን ተለውጠዋል። ሁለቱም ቡድኖቹን ሲሸሹ ከሜዳው ይልቅ አመራሩ አሳስቧቸው እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የባለቤትነት ጉዳይ ገና ከዚህ ይጀምራል።

ስለ ኳርተርባክ ይህን ያህል የሚወራው ለምንድን ነው?

ቡድኑ ሲያጠቃ በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሱን ተቀብሎ ይሮጥበት፣ ለሯጩ ይስጠው ወይም ይወርውረው የሚወስነው ኳርተርባኩ ነው። በእግር ኳስ አንድ አማካይ ቢታመም ሌላው ይሸፍናል፤ እዚህ ግን ኳርተርባክ የሌለው ቡድን ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ሩቅ አይሄድም።

ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ዋሽንግተን በቺካጎ 15 ለ12 እየተመራ የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነበር። ዳንኤልስ ከሳምንት በፊት ጎድኑ ላይ ተጎድቶ መሰለፉ እስከ ጨዋታው ቀን ድረስ ሲያጠራጥር ቆይቷል። ኳሱን ይዞ ከአሳዳጆቹ እየሸሸ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ከ12 ሰከንድ በላይ ከቆየ በኋላ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው፤ ኳሱ በተሰበሰቡት ተጫዋቾች እጅ ተነክቶ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ብቻውን ቆሞ የነበረው ኖዋ ብራውን ቀለበው፤ ጨዋታውም 18 ለ15 ሆኖ አለቀ። በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሕጉን የማያውቁ ሁለት አባቶች ስኒያቸውን እንደ ያዙ ከወጣቶቹ ጋር ከመቀመጫቸው ሲነሱ አይቻለሁ። ለሃያ ዓመት ያህል በዚህ ከተማ ስለዚህ ቡድን ሲወራ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ አያውቅም ነበር።

ዳንኤልስ ያንን የውድድር ዘመን የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተብሎ ሲጨርስ በሩጫ ብቻ 891 ያርድ አስመዝግቧል፤ ከእሱ በፊት አንድም አዲስ ኳርተርባክ ያን ያህል ሮጦ አያውቅም። ቡድኑ ታምፓ ቤይንና ዲትሮይትን ከሜዳው ውጭ አሸንፎ ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮንፈረንሱ ፍጻሜ፣ ማለትም ከሊጉ ዋንጫ ጨዋታ አንድ እርምጃ በፊት ያለው ጨዋታ ላይ ደረሰ፤ እዚያም በፊላደልፊያ 55 ለ23 ተሸነፈ።

የጎደለውን ቦታ መሙላት ይሻላል ወይስ ያለውን ምርጥ ተጫዋች መውሰድ?

የደጋፊዎች ክርክር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። አንደኛው ወገን ቀዳዳው ካልተደፈነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም ይላል፤ ሌላኛው ደግሞ የዛሬ ጉድለት በነገው ገበያ ሊሞላ ስለሚችል ተሰጥኦ ካለበት ይወሰድ ይላል። ሁለቱም አባባሎች እውነትነት ቢኖራቸውም ክርክሩ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ ጉድለቱን ማወቅ ቀላል ነው፣ ከባዱ ያንን ጉድለት በትክክል የሚሞላውን ልጅ ለይቶ ማወቅ ነው።

ለዚህ የ2023ን ድራፍት ያህል የሚያስተምር ምሳሌ የለም። ዋሽንግተን የኮርነርባክ (ኳስ ተቀባዮችን የሚጠብቅ ተከላካይ) ችግር እንደ ነበረበት ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በ16ኛው ተራም ኢማኑኤል ፎርብስን መረጠ። ልጁ በዩኒቨርሲቲ ኳስ በመንጠቅ የታወቀ ቢሆንም ክብደቱ 75 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለነበር ግዙፎቹ ሪሲቨሮች (የሚወረወረውን ኳስ የሚቀበሉት አጥቂዎች) አንገላቱት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላውም በኖቬምበር 2024 ተሰናበተ። ወዲያው በ17ኛው ተራ ኒው ኢንግላንድ የመረጠው ክርስቲያን ጎንዛሌዝ እዚያው ቦታ ላይ የሚጫወት ሲሆን ዛሬ ከሊጉ ምርጦች አንዱ ነው። ጉድለቱ አንድ፣ ቦታው አንድ፣ ልዩነቱ አንድ ተራ ነበር። ስለዚህ ያ ቡድን ጉድለቱን ለመሙላት በመምረጡ ተሳሳተ ማለት አይቻልም፤ የተሳሳተው በዓይን ነው።

በተቃራኒው በ2019 በሦስተኛው ዙር 76ኛ ሆኖ የተመረጠው ቴሪ መክሎሪን ለስንት ኳርተርባክ የተጫወተ፣ ቡድኑ በወደቀባቸው ዓመታት ሁሉ ያልወደቀ ሪሲቨር ነው። ያ ምርጫ ሲታወጅ ከተማው ውስጥ ያጨበጨበ ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ የእኔ ሚዛን ወደ ተሰጥኦው ያደላል፤ በተለይ የቡድኑ ጉድለት ከአንድ በላይ ሲሆን፣ በአንዱ ላይ ተጣብቆ ሌላውን ማሳለፍ ራሱ ጉድለት ነው።

በ2012 ለሮበርት ግሪፊን ሳልሳዊ ያን ሁሉ ተራ መስጠት ስህተት ነበር?

አዎ፣ ግን ብዙ ጊዜ በሚነገረው ምክንያት አይደለም። ዋሽንግተን ከ6ኛ ወደ 2ኛ ተራ ከፍ ለማለት የ2012ን የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር፣ እንዲሁም የ2013ንና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ተራዎቹን ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሰጠ። ኳርተርባኩ ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ሆነ፤ ቡድኑም ምድቡን አሸነፈ። የተሰጠው ዋጋ በዚያ ዓመት ለማንም ውድ አልመሰለም።

የተበላሸው ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። ልጁ ቀድሞውንም የታመመ ጉልበቱን እያነከሰ፣ ሣሩ በተነቀለ ሜዳ ላይ፣ ሁሉም እያየው እስከ አራተኛው ሩብ ድረስ እንዲጫወት ተተወ፤ በመጨረሻም ጉልበቱ ተጣሞ ወደቀ። ያንን ቀን ያየ ደጋፊ አይረሳውም፤ እኔም አልረሳሁትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ለአንድ ጨዋታ ሲባል የሦስት ዓመት ተራ የወጣበት ተስፋ ፈሰሰ። ስህተቱ ከመግዛቱ ይልቅ አያያዙ ላይ ነበር።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ቡድኑ በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር 102ኛ አድርጎ ሌላ ኳርተርባክ፣ ከርክ ከዝንስን፣ መምረጡ ነው። ከ2015 እስከ 2017 ቡድኑን የመራው እሱ ሲሆን፣ የረጅም ጊዜ ኮንትራት ሳይፈረምለት ቆይቶ በ2018 ነጻ ተጫዋች ሆኖ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራ የወጣበትም አራተኛ ዙር ላይ የተገኘውም ከእጅ አመለጡ።

በ2025 የነበረን ተራ ለምን አምስት ብቻ ሆነ?

ዋና ሥራ አስኪያጁ አዳም ፒተርስ በ2024 የነበረውን ስኬት አይተው ጊዜው አሁን ነው ብለው ስለወሰኑ ነው። በ2024 ዘጠኝ ተጫዋቾች ተመርጠው ነበር፤ ከእነዚያም ዳንኤልስና ኮርነርባኩ ማይክ ሴንሪስቲል ወዲያው ቦታቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ ግን ኮርነርባኩ ማርሾን ላቲሞር በኖቬምበር 2024 ከኒው ኦርሊንስ ሲመጣ የሦስተኛ፣ የአራተኛና የስድስተኛ ዙር ተራ ወጣበት። በማርች 2025 ሪሲቨሩ ዲቦ ሳሙኤል በአምስተኛ ዙር ተራ መጣ፤ ዳንኤልስን ከአሳዳጅ የሚጠብቀው ላርሚ ተንሲል ደግሞ ከሂውስተን ሲመጣ ከተሰጡት መካከል የ2026 የሁለተኛና የአራተኛ ዙር ተራዎች ይገኙበታል።

በቀሩት አምስት ተራዎች መጀመሪያ የተመረጡት ኳርተርባኩን በሚጠብቀው መስመር የሚሰለፈው ጆሽ ኮነርሊና ኮርነርባኩ ትሬይ ኤሞስ ናቸው። በሰባተኛው ዙር 245ኛ ሆኖ የተገኘው ጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት የቡድኑ ዋና ሯጭ መሆኑ ደግሞ ታችኛው ዙር የማይናቅ መሆኑን ያሳያል። የተንሲልን ዝውውር ዛሬም እደግፈዋለሁ። የላቲሞር ግን ከበደ፤ ተጫዋቹ በጉዳት ሲመላለስ ቆይቶ በኖቬምበር 2025 ጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ ለእሱ የወጣው የሦስተኛ ዙር ተራ መክሎሪን የተገኘበት ዓይነት ተራ ነው።

አሁን የጎደለን ምንድን ነው?

ቡድኑ 2025ን 5 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ሲጨርስ ለ2026 ድራፍት 7ኛውን ተራ አገኘ፤ የሁለተኛ ዙር ተራው ግን ለተንሲል ወጥቷል። ዳንኤልስ በተደጋጋሚ ተጎድቶ ሰባት ጨዋታ ብቻ ስለተጫወተ ውጤቱን ሁሉ በጉዳት ማሳበብ ይቀላል። እኔ አልስማማም። ዳንኤልስ በተሰለፈባቸው ጨዋታዎችም ተከላካዩ ክፍል ሲበረገድ ታይቷል።

የመጀመሪያው ጉድለት የተቃራኒን ኳርተርባክ የሚያሳድድ ወጣት ተከላካይ ነው። በ2024 10.5 ጊዜ (ሁለት ተጫዋቾች አብረው ሲጥሉ ለእያንዳንዱ ግማሽ ይቆጠራል) ኳርተርባክ የጣለው ዳንቴ ፋውለር ወደ ዳላስ ሲሄድ ቦታውን በሚገባ የተካው አልተገኘም፤ ዕድሜው 36 የሆነው ቮን ሚለር በቡድኑ ግንባር ቀደም አሳዳጅ መሆኑ ለእሱ ክብር፣ ለቡድኑ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ከፊት ተከላካዮቹ ኋላ የሚሰለፈው የላይንባከር ቦታ ሲሆን ቦቢ ዋግነርም በ35 ዓመቱ ነበር ቡድኑን የተሸከመው። ሦስተኛው መክሎሪን ሲታመም ጎልቶ የወጣው የሪሲቨር እጥረት ነው። በማርች ከሚከፈተው የነጻ ተጫዋቾች ገበያ አንዱን ጉድለት መሙላት ይቻላል፤ ሦስቱንም መሙላት ግን አይቻልም። እኔ ብሆን በ7ኛው ተራ የሚያስተማምን አሳዳጅ ካልተገኘ ተራውን ወደ ታች አውርጄ የወጣውን የሁለተኛ ዙር ተራ ለማስመለስ እሞክራለሁ፤ በዕድሜ ከገፉ የሊጉ ቡድኖች አንዱ የሆነ ቡድን ከአንድ ኮከብ ይልቅ ብዙ ወጣት ያስፈልገዋል። ዳንኤልስ በርካሽ ኮንትራት የሚቆይባቸው ዓመታትም እየተቆጠሩ ነው።

የቡድኑ ባለቤት ማን ነው? የፊተኛውስ ለምን ተጠላ?

ከጁላይ 2023 ጀምሮ ዋናው ባለቤት ጆሽ ሃሪስ ነው። በአቅራቢያችን በቼቪ ቼዝ፣ ሜሪላንድ ያደገ፣ አፖሎ የተባለውን የኢንቨስትመንት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ የቅርጫት ኳሱ የፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስና የበረዶ ሆኪው የኒው ጀርሲ ዴቭልስ ባለቤትም ነው። ፕሪሚየር ሊግ የሚከታተል ሰው ከ2015 ጀምሮ በክሪስታል ፓላስ ውስጥ ባለው ድርሻ ሊያውቀው ይችላል። ሚቸል ሬልስንና የቅርጫት ኳሱን ማጂክ ጆንሰንን ጨምሮ ከሌሎች ባለድርሻዎች ጋር ሆኖ ቡድኑን የገዛው በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ነው።

የፊተኛው ባለቤት ዳን ስናይደር ቡድኑን በ1999 በ800 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ከጃክ ኬንት ኩክ ዘመን የሦስት ሱፐር ቦውል (የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ) ዋንጫ ዝና ተረክቦ ነበር። በ24 የውድድር ዘመን ቡድኑ ያሸነፈው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሁለት ብቻ ነው። ከሜዳው ይልቅ ግን የከፋው ቢሮው ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ ሴት ሠራተኞች ስለ ወሲባዊ ትንኮሳና ስለ መጥፎ የሥራ ሁኔታ የሰጡት ምስክርነት ይፋ ሆነ፤ ሊጉ በ2021 ቡድኑን 10 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። የሕግ ባለሙያዋ ሜሪ ጆ ዋይት ያካሄዱት ሁለተኛ ምርመራ ስናይደር ራሱ አንዲት የቀድሞ ሠራተኛን መተንኮሱን፣ ቡድኑም ከሌሎች ቡድኖች ጋር መካፈል የነበረበትን ገቢ መደበቁን አረጋግጦ ሲወጣ ሽያጩ በጸደቀበት ቀን 60 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። የአባትና የልጅ ትኬት ሆኖ ሲወራረስ የኖረ ወንበር ባዶ የቀረው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ደጋፊው ስታዲየም ባለመሄድ ባለቤቱን ማስወጣት አይችልም ነበር?

ይህን ያህል ጊዜ የፈጀው ገንዘቡ ከስታዲየሙ ስለማይመጣ ነው። የሊጉ የቴሌቪዥንና ሌላው ብሔራዊ ገቢ ለ32ቱም ቡድኖች እኩል ይከፋፈላል። ሒሳቡን ለሕዝብ የሚገልጸው ግሪን ቤይ ፓከርስ በ2025 ባወጣው ዘገባ ከዚህ ክፍፍል ብቻ 432.6 ሚሊዮን ዶላር ማግኘቱን አስታውቋል፤ ሌሎቹም ያገኙት ያንኑ ያህል ነው። ይህ ከዚያ ዓመት የደሞዝ ጣሪያ እጅግ ይበልጣል፤ ማለትም አንድ ትኬት ሳይሸጥ የተጫዋቾቹ ደሞዝ ተከፍሏል። ወደ ታች መውረድም የለም፤ የመጨረሻ የወጣ ቡድን ቅጣቱ የመጀመሪያ ተራ ማግኘት ነው።

ቢሆንም የደጋፊው መራቅ ከንቱ አልነበረም። ባዶ ወንበርና ተቃዋሚ ሕዝብ ባለበት የትኛውም አስተዳደር ለአዲስ ስታዲየም ገንዘብ ሊሰጥ አልፈለገም፤ ይህም ሌሎቹ ባለቤቶች ስናይደር ለሊጉ ሸክም መሆኑን እንዲያዩ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ነው። እንደ ግሪን ቤይ ሕዝቡ ራሱ ባለድርሻ ይሁን የሚል ሐሳብም ይነሳል፤ ነገር ግን የሊጉ ደንብ ሌላ እንዲህ ያለ ቡድን አይፈቅድም፤ ዋናው ባለቤት ቢያንስ 30 በመቶ እንዲይዝም ያስገድዳል።

ባለቤቱ ቡድኑን ወደ ሌላ ከተማ መውሰድ ይችላል?

ከ32ቱ የ24 ባለቤቶችን ድምፅ ካገኘ ይችላል። በእኛው ጎረቤት በባልቲሞር በማርች 1984 የሆነውን ሽማግሌዎቹ ደጋፊዎች አሁንም ይተርካሉ፤ በረዶ በሚጥልበት ሌሊት የጭነት መኪኖች መጥተው የኮልትስን ዕቃ ጭነው ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄዱ፤ ከተማው ሲነቃ ቡድን አልነበረውም። የአርሰናል ደጋፊዎች የሚያውቁት ስታን ክሮንኪም ራምስን በ2016 ከሴንት ሉዊስ ወደ ሎስ አንጀለስ ወስዷል። ለግሪፊን የተሰጡትን ተራዎች የተቀበለውም ይኸው ቡድን ነው።

የዋሽንግተን ሥጋት ግን ከዚህ ያነሰ ነው። ቡድኑ በ1997 ወደ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ከሄደ ወዲህ ጥያቄው ወደ ከተማው ይመለሳል ወይ የሚል ነበር፤ በሴፕቴምበር 2025 የዲሲ ምክር ቤት ስታዲየሙ በአሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ እንዲሠራ አጽድቋል። ቡድኑ 2.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ከተማው ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣሉ፤ ወደ 65,000 ሰው የሚይዘው ስታዲየም በ2030 እንዲከፈት ታቅዷል።

ባለቤቱ አዲስ ከሆነ ታዲያ የሚያሳስበው ምንድን ነው?

ሦስት ነገሮች ይነሳሉ። አንደኛው የስታዲየሙ ገንዘብ ነው፤ ለሀብታም ባለቤት የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ እኛን ይመለከታል። ከስታዲየሙ ብዙም በማይርቀው በኤች ስትሪት ሬስቶራንት የከፈቱ፣ በከተማው ፓርኪንግ የሚሠሩና ግብር የሚከፍሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ስታዲየሙ ደንበኛ ሊያመጣላቸው ይችላል፤ የቤትና የሱቅ ኪራይንም ሊያስወድድባቸው ይችላል። እኔ ቡድኑ ወደ ከተማው መመለሱን ከልቤ እመኛለሁ፤ ነገር ግን የአካባቢውን ነዋሪና ነጋዴ ለመጠበቅ የተገቡት ቃሎች ከመሠረት ድንጋዩ እኩል ሊታዩ ይገባል።

ሁለተኛው ሃሪስ ብዙ ቡድን መያዙ ነው። በፊላደልፊያ በእሱ ዘመን የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ለዓመታት ሆን ብሎ እየተሸነፈ የድራፍት ተራ ሲሰበስብ ቆይቶ እስከ 2025 ድረስ አንዴም የኮንፈረንስ ፍጻሜ አልደረሰም፤ ይህን የሚያስታውሱ ሰዎች ተራ ማከማቸት ብቻውን ቡድን እንደማይሠራ ይከራከራሉ፤ ትክክልም ናቸው። ሦስተኛው ሊጉ ከኦገስት 2024 ጀምሮ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች እስከ 10 በመቶ ድርሻ እንዲገዙ መፍቀዱ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ዛሬ ውሳኔ ላይ ድምፅ ባይኖረውም ገንዘቡን በተወሰነ ጊዜ አትርፎ መውጣት የሚፈልግ በመሆኑ ዋጋው በመጨረሻ ትኬቱ ላይ እንዳይጫን የሚሠጋ ደጋፊ አለ።

ገንዘቡ የእሱ ከሆነ ባለቤቱ በድራፍት ላይ ጣልቃ ቢገባ ምን ችግር አለው?

መብቱ መሆኑ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ውጤቱ ነው። አንድ ባለሙያ ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞረ፣ ልጁ ሲሸነፍ የሚያሳየውን ጠባይ ሳይቀር እየመዘገበ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራውን ዝርዝር ባለቤቱ በመጨረሻው ሳምንት ሲሽረው፣ ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩን ከልቡ የሚያዘጋጅ ሰው አይኖርም። በ2019 በ15ኛው ተራ የተመረጠው ኳርተርባክ ድዌይን ሃስኪንስ የባለቤቱ ምርጫ እንደ ነበር በሰፊው ተዘግቧል። ልጁ ሁለተኛ ዓመቱ ሳያልቅ ተሰናበተ፤ በ2022 ደግሞ በመኪና ተገጭቶ በለጋ ዕድሜው አረፈ። በዚያ ታሪክ ውስጥ የማዝነው ለልጁ ነው፤ አሰልጣኞቹ ያልጠየቁት ተጫዋች ሆኖ መምጣቱን ተሸክሞ ነበር የሚጫወተው።

ሃሪስ በጃንዋሪ 2024 ፒተርስን ከሳን ፍራንሲስኮ ሲያመጣ ፍለጋውን ያካሄደው ቦብ ማየርስንና ሪክ ስፒልማንን አማካሪ አድርጎ ነው፤ ከዚያም የተጫዋች ጉዳይ ለፒተርስ ተተወ። ከ12 ድል በኋላ ይህን ማድረግ ቀላል ነበር። ፈተናው የመጣው ከ5 ድል በኋላ ነው፤ በጃንዋሪ 2026 የማጥቃትና የመከላከል አስተባባሪዎቹ ክሊፍ ኪንግስበሪና ጆ ዊት ሲለዩ ፒተርስና ዋና አሰልጣኙ ዳን ክዊን ግን ቀጥለዋል። በድራፍቱ ምሽት 7ኛው ተራ ሲደርስ ፒተርስ ስሙ ያልገነነ ልጅ ቢጠሩ፣ ወይም ተራውን ለሌላ ሰጥተው ወደ ታች ቢወርዱ፣ ከተማው ሲጮህ ባለቤቱ ዝም ማለት መቻሉ ያን ጊዜ ይታያል።